ባዶ ቦታው በሦስት ፓርቲሽን ተበታትኖ ሳለ ትልቅ የታመቀ ፋይል እንዴት ይፈታል?

በብዙዎቻችን ላፕቶፕ ላይ ዲስኩ አንድ ሆኖ ሳለ ሲ፣ ዲ እና ኢ ተብሎ ለሦስት ተከፍሎ እናገኘዋለን፤ የከፈለውም አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ የጫነልን ባለሙያ ነው። አከፋፈሉ ሲ ፎርማት በተደረገ ጊዜ በዲ ላይ ያለው ሰነድ እንዲተርፍ ስለሚረዳ የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ትልቅ የታመቀ ፋይል በተላከልን ዕለት ነው። ሦስቱ ፓርቲሽኖች በድምሩ ከበቂ በላይ ባዶ ቦታ እያላቸው፣ ፋይሉን ለመፍታት ስንሞክር ኮምፒውተሩ በዲስኩ ላይ በቂ ቦታ የለም ብሎ ይቆማል። ይህ ማስጠንቀቂያ የሚናገረው ስለ አንድ ፓርቲሽን ብቻ ሲሆን፣ ያ ፓርቲሽን ደግሞ ፋይሉን ልናስቀምጥበት ያሰብነው ላይሆን እንደሚችል ብዙ ሰው አያስተውልም።

ምሳሌውን ከራሴ ላፕቶፕ እወስዳለሁ። ዲስኩ 256 ጊጋ ባይት ተብሎ የተሸጠ ነው፤ ዊንዶውስ ግን 238 ብቻ አድርጎ ያሳየዋል፤ ምክንያቱም አምራቹ አንዱን ጊጋ ባይት አንድ ቢሊዮን ባይት ብሎ ሲቆጥር ዊንዶውስ 1,073,741,824 ባይት ብሎ ይቆጥራል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው መጠኖች ሁሉ ዊንዶውስ እንደሚያሳያቸው ናቸው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም የላከልኝ ጥቅል፣ ማለትም የታመቀ ፋይል፣ በሰባት ቁራጭ የተከፈለ ነበር፤ ቴሌግራም ለመደበኛ ተጠቃሚ ከ2 ጊጋ ባይት የበለጠ አንድ ፋይል ስለማያሳልፍ ላኪው ሳይቆራርጠው ሊልከው አይችልም ነበር። ሰባቱ ቁራጮች በድምሩ 14 ጊጋ ባይት ገደማ ሲሆኑ፣ ሲፈቱ ግን 31 ጊጋ ባይት ይሆናሉ፤ ከዚህ ውስጥ 17ቱ የስካን ሰነዶች፣ 11ዱ ቪዲዮ፣ 3ቱ ደግሞ ጽሑፍና ሠንጠረዥ ናቸው። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም ካልተነገረው በስተቀር የሚያወርደውን ሁሉ ሲ ላይ ባለው የዳውንሎድ ፎልደር ስለሚያስቀምጥ ቁራጮቹ ሲን ሞልተውት 6 ጊጋ ባይት ብቻ ቀርቶት ነበር። ዲ 19፣ ኢ ደግሞ 16 ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ ነበራቸው።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ማንም ሰው የሚያደርገው ነበር። ጥቅሉን ሰቨን ዚፕ በተባለው መፍቻ ፕሮግራም ከፈትሁ፤ ከጎኑ የዲን መስኮት ከፈትሁ፤ የስካኑን ፎልደር በማውስ ጎትቼ ዲ ላይ ጣልሁት። ለደቂቃዎች ሲሠራ ቆይቶ ቦታ የለም አለ። ዲን ብመለከት 19ኙ ጊጋ ባይት እንዳለ ነው፤ አንዲት ፋይል አልገባበትም። ሲን ስመለከት ግን የቦታ መለኪያው መስመር ቀልቶ ባዶ ቦታው ወደ ዜሮ ተጠግቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቅል መፍቻው መስኮት ወደ ሌላ መስኮት በማውስ ሲጎተት፣ በብዙዎቹ የሰቨን ዚፕ ዕትሞች ፕሮግራሙ ፋይሉ የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ስለማያውቅ መጀመሪያ ቴምፕ በሚባለው ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይፈታዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዊንዶውስ ከዚያ አንሥቶ ወደ ዲ የሚወስደው። ቴምፕ ያለው ሲ ላይ ነው። ስለዚህ 17 ጊጋ ባይት የሚሆነው ፎልደር ዲ ከመድረሱ በፊት 6 ጊጋ ባይት ባለው ሲ ውስጥ ማለፍ ይጠበቅበት ነበር። በተጨማሪም በአንድ ፓርቲሽን ውስጥ ፋይል ማዛወር አድራሻ መቀየር ብቻ ስለሆነ በቅጽበት ያልቃል፤ ከአንድ ፓርቲሽን ወደ ሌላው ማዛወር ግን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ መቅዳት፣ ቀጥሎም የመጀመሪያውን መሰረዝ ነው። ስለሆነም ቴምፕ ቢበቃ እንኳ ሥራው ሁለት ጊዜ ይሠራል።

እንዲህ ያለ ሙከራ ከሸፈ በኋላ በቅድሚያ የተረፈውን ፍርስራሽ ማጽዳት ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ በድንገት ከተዘጋ በቴምፕ ውስጥ የፈታውን ሳያጠፋ ይቀራል። የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ፊደል ጋር በአንድነት ተጭነው በሚከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቴምፕ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል በሁለት የፐርሰንት ምልክቶች መካከል ጽፈው ኢንተር ቢጫኑ ፎልደሩ ይከፈታል። ስማቸው ሰባት ቁጥርና ዜድ ፊደል ይዞ የሚጀምረው የሰቨን ዚፕ፣ ራር ከሚለው ቃልና ከዶላር ምልክት የሚጀምረው ደግሞ የሌላው መፍቻ ፕሮግራም የዊንራር ትራፊ ነው። መፍቻ ፕሮግራሞቹን ሁሉ ዘግተው እነዚህን ይሰርዟቸው። እኔ በዚያን ቀን ከዚህ ፎልደር ከ5 ጊጋ ባይት በላይ አስመልሻለሁ።

ትክክለኛው አካሄድ መድረሻውን ለፕሮግራሙ በማውስ በመጎተት ሳይሆን በአድራሻ መንገር ነው። በሰቨን ዚፕ የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ ይክፈቱ፤ የቀሩትን ስማቸው እስካልተለወጠና በአንድ ፎልደር እስካሉ ድረስ ራሱ ያገኛቸዋል። ውስጡ ያሉት ፎልደሮች ሲታዩ የሚፈልጉትን አንዱን ይምረጡና ከላይ ያለውን ኤክስትራክት የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። የመድረሻ አድራሻ የሚሞላበት መስኮት ይከፈታል፤ እዚያ ላይ የሚቀርብልዎ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅሉ ያለበት ፎልደር፣ ማለትም ሲ ስለሆነ ሳያነቡ እሺ እንዳይሉ። አድራሻውን ወደ ዲ ቀይረው ሲያስጀምሩት ፕሮግራሙ ከሲ እያነበበ በቀጥታ ዲ ላይ ይጽፋል፤ በቴምፕ በኩል አያልፍም። በእኔ ሁኔታ 17ቱን የስካን ጊጋ ባይት ወደ ዲ፣ ቪዲዮውንና ጽሑፉን በድምሩ 14 ጊጋ ባይት ወደ ኢ ፈታሁ፤ በሁለቱም ላይ ሁለት ሁለት ጊጋ ባይት ተረፈ፤ ሲ ደግሞ በሥራው ሁሉ መካከል ምንም አልተነካም። ቁራጮቹን ከሲ ማንሣት እንኳ አላስፈለገም።

በዊንራርም መንገዱ ያው ነው። ኤክስትራክት ቱ የሚለውን ቁልፍ ተጭነው በቀኝ በኩል ከሚታየው የፎልደሮች ዝርዝር ዲን ወይም ኢን ይመርጣሉ። ዊንራር አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ራር በተባለው ዓይነት የታመቀው ጥቅል ቁራጮቹ በአንድ ፎልደር ካልተገኙ ቀጣዩ የት እንዳለ ይጠይቅና እርስዎ እንዲያሳዩት ይጠብቃል። ስለዚህ አራቱ ቁራጮች ሲ ላይ፣ ሦስቱ ፍላሽ ላይ ቢሆኑም መፍታት ይቻላል። ስማቸው በነጥብ ዜሮ ዜሮ አንድ፣ በነጥብ ዜሮ ዜሮ ሁለት እያለ የሚሄዱት የሰቨን ዚፕ ቁራጮች ግን ሁሉም በአንድ ቦታ መገኘት አለባቸው። አንዳንድ ሰው እነዚህን ቁራጮች አስቀድሞ በአንድ ላይ ገጣጥሞ አንድ ትልቅ ፋይል ለማድረግ ይሞክራል፤ ይህ ቦታ በጠበበበት ኮምፒውተር ላይ ሌላ 14 ጊጋ ባይት ከማባከን በቀር አንዳች ጥቅም የለውም።

ከመፍታቱ በፊት መሠራት ያለበት ስሌት ቀላል ቢመስልም ሁለት ወጥመድ አለበት። ሰቨን ዚፕ ጥቅሉን ሲከፍት በእያንዳንዱ ፎልደር አንጻር ሁለት መጠን ያሳያል፤ አንደኛው ከታመቀ በኋላ ያለው፣ ሌላው ሲፈታ የሚሆነው ነው። ሊታይ የሚገባው ሁለተኛው ነው፤ በዊንራር ኢንፎ የሚለው ቁልፍ ይኸንኑ ያሳያል። ሁለተኛው ወጥመድ ፋይሎቹ ትንንሽና ብዙ ሲሆኑ የሚመጣ ነው። ዲስክ ቦታ የሚሰጠው በባይት ሳይሆን ክላስተር በሚባል ቁርጥ መጠን ነው። ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የፋይል አደራደር ስልት የተዘጋጀ ተራ ፓርቲሽን ላይ አንዱ ክላስተር 4 ኪሎ ባይት ስለሆነ ብክነቱ ጥቂት ነው፤ ዊንዶውስ ኤክስፋት በተባለው ሌላ ስልት ፎርማት ባደረገው 64 ጊጋ ባይት ፍላሽ ላይ ግን በመደበኛው 128 ኪሎ ባይት ነው። በዚህ ፍላሽ ላይ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ባይት የሆኑ 100,000 ፋይሎች ቢፈቱ፣ ይዘታቸው 200 ሜጋ ባይት እንኳ ሳይሞላ ከ12 ጊጋ ባይት በላይ ቦታ ይይዛሉ። በፎልደር ፕሮፐርቲስ ላይ ሁለት የተለያዩ መጠኖች ተጽፈው አይተው ከሆነ የልዩነቱ ዋነኛ ምክንያት ይህ ነው።

ፍላሽን እንደ አራተኛ ፓርቲሽን ለመጠቀም ለሚያስብ ሰው ሌላም ማሳሰቢያ አለ። ፍላሹ በፋት 32 የተዘጋጀ ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ባይት እንዲበልጥ አይፈቅድም፤ ሃምሳ ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ ቢኖረውም አምስት ጊጋ ባይት የሆነውን ቪዲዮ አይቀበልም። ፍላሹን ባዶ ማድረግ የሚቻል ከሆነ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ይህን ያቃልላል።

ጥቅሉ ጤነኛ መሆኑን ቀድሞ ማረጋገጥ ጊዜ ቢወስድም ቦታ አይወስድም። ቴስት የሚለው ቁልፍ ጥቅሉን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ በልቡ ይፈታዋል እንጂ ዲስክ ላይ የሚጽፈው ነገር የለም። ከዚያም በፊት በዓይን የሚታይ ምልክት አለ፤ ከመጨረሻው ቁራጭ በስተቀር ሁሉም በባይት እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ከወንድሞቹ ካነሰ ማውረዱ መሐል ላይ ተቋርጦ ቀርቷል ማለት ስለሆነ እሱን ብቻ እንደገና ማውረድ ይበቃል። ኢንተርኔት በጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው በ2 ጊጋ ባይትና በ14 ጊጋ ባይት መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

ብልኃት መስሎ የሚያሳስት አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። አንዳንድ ሰው ቦታ ሲጠብበት ከጥቅሉ ውስጥ አንድ ፎልደር ይፈታና ያንኑ ፎልደር ከጥቅሉ ውስጥ ሰርዞ ጥቅሉን እያሳነሰ ለመሄድ ያስባል። ነገር ግን መፍቻ ፕሮግራሞቹ ከጥቅል ውስጥ አንድ ነገር ሲሰረዝ የቀረውን ሁሉ በአዲስ ጥቅል ውስጥ ይጽፉና አሮጌውን የሚያጠፉት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ማለት ለጥቂት ጊዜ ሁለት ጥቅሎች ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለት ነው፤ ቦታ ፍለጋ የተጀመረው ሥራ ቦታ ይጠይቃል። በብዙ ቁራጭ የተከፈለ ጥቅል ከሆነ ደግሞ ጭራሹኑ መሰረዝ አይፈቀድም።

ከሊኑክስ ዓለም የሚመጡት ታር ጂዜድ የሚባሉት ጥቅሎች በሰቨን ዚፕ ሲፈቱ ሁለት ደረጃ አላቸው፤ መጀመሪያ ታር የሚባል ትልቅ ፋይል ይወጣል፤ ከዚያ እሱ ራሱ ይፈታል። ጥንቃቄ ካልተደረገ ይዘቱ ሁለት ጊዜ ቦታ ይይዛል። ዊንራር ሁለቱን ደረጃዎች በአንድ ጊዜ ያልፋቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የወጡት የዊንዶውስ 10 ዕትሞችም በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ውስጥ የሚሠራ ታር የሚባል የራሳቸው መሣሪያ አላቸው።

እስካሁን የተነጋገርነው ይዘቱ ለሁለት ሊከፈል የሚችል ስለሆነ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ግን ፎልደሮቹን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ካላገኘ አይሠራም። በዚህ ጊዜ በዲ ላይ ባለው ዋና ፎልደር ውስጥ ወደ ኢ የሚያመለክት ጃንክሽን የሚባል መግቢያ መሥራት ይቻላል። ቪዲዮውን ኢ ላይ ከፈቱ በኋላ የትእዛዝ መስኮቱን ከፍተው ኤምኬሊንክ የሚለውን ትእዛዝ፣ ቀጥሎ ስላሽና ጄ ፊደል፣ ቀጥሎ በዲ ላይ መግቢያው የሚኖረውን አድራሻ፣ በመጨረሻም ይዘቱ ያለበትን የኢ አድራሻ በእንግሊዝኛ ፊደል በየመካከሉ ክፍት ቦታ እየተዉ ይጽፋሉ። አድራሻው በውስጡ ክፍት ቦታ ካለው በትእምርተ ጥቅስ ይዝጉት። በዲ ላይ በዚያ ስም አስቀድሞ የተፈጠረ ፎልደር መኖር የለበትም፤ ካለ ትእዛዙ እምቢ ይላል። ከዚያ ወዲያ ለፕሮግራሙም ለእርስዎም ቪዲዮው ዲ ላይ ያለ ይመስላል፤ ግን ከዲ ቦታ አንዲት ጊጋ ባይት አልወሰደም። ይህን ካደረጉ በኋላ ኢን ፎርማት የሚያደርግ ሰው በዲ ላይ ካለው ፎልደር ግማሹን እንደሚያጠፋ በደንብ ይታወቅ፤ ላፕቶፑን ለባለሙያ ሲሰጡም ይንገሩት።

አንድ ብቸኛ ፋይል ከሦስቱ ፓርቲሽኖች ከእያንዳንዱ ባዶ ቦታ የሚበልጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ 25 ጊጋ ባይት የሆነ አንድ የዲስክ ቅጂ ከሆነ፣ ከላይ የተባለው ሁሉ አይረዳም፤ አንድ ፋይል በሁለት ፓርቲሽን ላይ አይዘረጋምና። ቀላሉ መፍትሔ ከዲ ላይ የቆየ ነገር ወደ ኢ አዛውሮ ዲን ማስፋት ነው። ብዙዎች ከዚህ ይልቅ የዊንዶውስን ዲስክ ማኔጅመንት ከፍተው ከኢ ቆርጠው ለዲ ለመጨመር ይሞክራሉ፤ ኤክስቴንድ ቮልዩም የሚለው ቃል ግን ደብዝዞ አይጫንም። ምክንያቱ ይህ መሣሪያ ፓርቲሽንን የሚያሰፋው ከበስተቀኙ ተያይዞ ወዳለው ያልተመደበ ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ኢን ሲያሳንስ ደግሞ የሚቆርጠው ከኢ መጨረሻ ስለሆነ ነው፤ የተገኘው ቦታና ዲ በመካከላቸው ኢ ራሱ ይቆማል። ፓርቲሽን የሚያንቀሳቅሱ ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ፤ ሆኖም መብራት በሚቆራረጥበት ቤት፣ ሌላ ቅጂ የሌለው ሰነድ በተቀመጠበት ዲስክ ላይ እነሱን ማስነሣት ለአንድ ፋይል ሲባል የሚከፈል ዋጋ አይመስለኝም። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ለአንድ ቀን መዋስ ይሻላል።

መብራት ካነሣን ዘንድ፣ መፍታቱ መሐል ላይ ቢቋረጥ ሁሉንም ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም። ያንኑ አድራሻ ሰጥተው ሲያስጀምሩት ነባር ፋይሎችን ዝለል የሚለውን ምርጫ ይውሰዱ። ነገር ግን ሲቋረጥ በእጁ የነበረው ፋይል በግማሽ ተጽፎ ሊቀር ስለሚችልና ፕሮግራሙም እሱን እንደ ነባር ቆጥሮ ሊያልፈው ስለሚችል አስቀድሞ ፈልጎ መሰረዝ ግድ ነው። መጠኑን አይቶ መለየት አይቻልም፤ አንዳንዴ ቦታው አስቀድሞ ስለሚያዝለት ሙሉ ይመስላል። ፋይሎቹን በተሻሻሉበት ቀን ቢደረድሩ ግን በሥርዓት ተፈትተው ያለቁት በጥቅሉ ውስጥ የነበራቸውን የድሮ ቀን ይዘው ሲታዩ፣ ያልተጨረሰው የዛሬን ቀንና ሰዓት ይዞ ከሁሉም በላይ ይገኛል።

ሲያልቅ በዲና በኢ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ፕሮፐርቲስ ከፍተው የፋይሎቹን ብዛትና መጠን በጥቅሉ ውስጥ ከሚታየው ጋር ያስተያዩ፤ ከስካኖቹ ሁለት ሦስቱን፣ ከቪዲዮዎቹም በዝርዝሩ መጨረሻ ያለውን ከፍተው ይመልከቱ። ቁራጮቹ መሰረዝ ያለባቸው ከዚህ በኋላ ነው። ዊንራር ፈትቶ እንደጨረሰ ጥቅሉን ራሱ እንዲሰርዝ የሚያደርግ ምርጫ አለው፤ እኔ አልጠቀምበትም፤ አንድ ጊዜ ሳላስተያይ ሰርዤ ሰባት ቁራጭ ድጋሚ አውርጃለሁና። የሰረዟቸው ቁራጮች በሪሳይክል ቢን ውስጥ እስካሉ ድረስ ደግሞ የተቀመጡት እዚያው ሲ ላይ ስለሆነ ባዶ ቦታው ያው 6 ጊጋ ባይት ሆኖ ይቆያል፤ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ሲያደርጉት ነው 20 የሚሆነው።